አንድ አልበም፣ ሦስት ኮምፒውተሮች፦ የቀረጻና የማስተሪንግ ፕሮግራም አመራረጥ የጉዳይ ጥናት

ይህ የጉዳይ ጥናት አምስት አባላት ያሉት አንድ የሙዚቃ ቡድን ዘጠኝ ዘፈኖችን በራሱ አቅም ለመቅረጽ በተነሣ ጊዜ የትኛውን የድምፅ ፕሮግራም እንደሚጠቀም የወሰነበትን ሂደት ይመለከታል። የእኔ ድርሻ ፕሮግራሞቹን አወዳድሬ የውሳኔ ሐሳብ ማቅረብ ነበር። ቡድኑንም ሆነ አብረውት የሠሩትን ባለሙያዎች በስም አልጠቅስም፤ ጉዳዩን ለመረዳት የሚያስፈልገው የሥራው ዓይነትና የመሣሪያዎቹ ሁኔታ ነውና።

ቡድኑ ዘፈኖቹን የሚጫወተው ሁሉም በአንድ ክፍል ሆነው በአንድ ጊዜ ነው። ለከበሮው ስምንት ማይክሮፎን፣ ለቤዙ አንድ ቀጥታ መስመርና አንድ ማይክሮፎን፣ ለጊታር ማጉያው ሁለት ማይክሮፎን፣ ለኪቦርዱ ሁለት መስመር፣ ለድምፃዊቷ አንድ፣ ለክፍሉ ድባብ ደግሞ አንድ ማይክሮፎን ስለተመደበ በድምሩ 16 መስመር በአንድ ጊዜ መቀረጽ ነበረበት። በኋላ የአጃቢ ድምፆችና ተጨማሪ የኪቦርድ ክፍሎች እንደሚደረቡ ስለታወቀ አንድ ዘፈን ተሠርቶ ሲያልቅ ከ40 በላይ ትራክ (ለየብቻው የሚያዝ የድምፅ መስመር) እንደሚይዝ ከመጀመሪያው ግልጽ ነበር።

ጉዳዩን ያወሳሰበው ግን የትራኩ ብዛት አልነበረም። ድምፃዊቷ የዘፈኖቹን ረቂቅ የሠራችው በማክ ኮምፒውተሯ ላይ ሎጂክ ፕሮ በተባለው የቀረጻ ፕሮግራም ነው። ቀረጻውንና ሚክሲንጉን (ትራኮቹን አመጣጥኖ ማደባለቁን) የሚመራው የድምፅ ባለሙያ በዊንዶውስ የሚሠራና ፕሮ ቱልስ ከተባለው የቀረጻ ፕሮግራም ጋር ለዓመታት የተላመደ ሰው ነው። የተቀረጹትን ሙከራዎች (የአንድ ዘፈን የተደጋገሙ ቀረጻዎች) እያዳመጠ የተሻሉትን የሚመርጠውና የሚቆራርጠው ቤዝ ተጫዋቹ ሲሆን፣ እርሱ ደግሞ ሊኑክስ ከተጫነበት ኮምፒውተር ሌላ የለውም። ሦስቱ ሰዎች በየቤታቸው፣ በተለያየ ሰዓት፣ በአንድ ዘፈን ላይ መሥራት ነበረባቸው። ለፕሮግራም የሚወጣው ገንዘብ ከማይክሮፎን ኪራይና ከማስተሪንግ (የተጠናቀቀውን ሚክስ ለስርጭት ከማዘጋጀት) ክፍያ ላይ የሚቀነስ በመሆኑም ለሦስት ሰው ውድ ፈቃድ መግዛት ቀላል ውሳኔ አልነበረም።

የመጀመሪያው ክርክር፦ የትኛው የተሻለ ድምፅ አለው?

በመጀመሪያው ስብሰባ ረጅሙን ጊዜ የወሰደው ይህ ጥያቄ ነው። ጊታሪስቱ አንዱ ፕሮግራም «ሞቅ ያለ»፣ ሌላው «ደረቅ ያለ» ድምፅ እንደሚሰጥ አጥብቆ ያምን ነበር፤ የድምፅ ባለሙያውም ከልምዱ በመነሣት ሐሳቡን በከፊል ደገፈው። ክርክሩ መነሻ የለውም ለማለት አይቻልም። ቀደም ባለው ጊዜ ትልልቆቹ የፕሮ ቱልስ ሲስተሞች ድምፅን የሚደምሩት በልዩ ካርዶች ላይ በቋሚ ነጥብ ስሌት ሲሆን፣ በኮምፒውተሩ ፕሮሰሰር ላይ የሚሠሩት ሌሎች ፕሮግራሞች ግን ተንሳፋፊ ነጥብ የሚባለውን ስሌት ይጠቀሙ ነበር፤ ሁለቱ ስሌቶችም ድምፁ ከልክ ሲያልፍ የሚያሳዩት ጠባይ የተለያየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ፕሮ ቱልስ 10 እና ኤች.ዲ.ኤክስ የተባለው ካርድ ሲወጡ ግን ፕሮ ቱልስም ወደ ተንሳፋፊ ነጥብ ተሻግሯል። ዛሬ በገበያ ላይ የሚገኙት ዋና ዋና ፕሮግራሞች ድምፅ የሚደምሩት በ32 ወይም በ64 ቢት ተንሳፋፊ ነጥብ ስለሆነ፣ የመደመሩ ተግባር ራሱ በአንደኛውና በሌላው መካከል ጆሮ የሚለየው ልዩነት የሚፈጥርበት ምክንያት የለም።

ይህን በቃል ማስረዳት ክርክሩን እንደማይዘጋው ስለገባኝ በሙከራ እንዲታይ አደረግሁ። ከድምፃዊቷ ረቂቆች የአንዱ ትራኮች በዌቭ ፋይል ወጥተው በሎጂክ እንዲሁም በኋላ በምንመለከታቸው ሪፐርና አርዶር በተባሉ ፕሮግራሞች ውስጥ ያለ ምንም ኢፌክት፣ ሁሉም የመጠን መቆጣጠሪያዎች ዜሮ ላይ ሆነው ተደመሩ። ከዚያም የአንዱ ውጤት ሞገድ ተገልብጦ በሌላው ላይ ተደረበ። ሁለቱ ፋይሎች እኩል ከሆኑ እርስ በርሳቸው ተጠፋፍተው ዝምታ መቅረት አለበት። በመጀመሪያው ሙከራ ዝምታ አልተገኘም፤ በግልጽ የሚሰማ ትርፍ ድምፅ ነበር። ምክንያቱ ፓን ሎው የሚባለው ቅንብር ሆኖ ተገኘ። ይህ ቅንብር በመሐል የተቀመጠ አንድ ድምፅ በግራና በቀኝ በኩል ምን ያህል እንደሚቀነስ የሚወስን ሲሆን፣ አንዳንዱ ፕሮግራም ምንም ሳይቀንስ ሌላው ደግሞ በ3 ዲሲቤል ቀንሶ ሊጀምር ይችላል። ቅንብሩ በሁሉም ዘንድ አንድ እንዲሆን ተደርጎ ሙከራው ሲደገም ትርፉ ድምፅ ጠፋ። ሁለት ሰዎች ተመሳሳይ ዘፈን በሁለት ፕሮግራም ከፍተው «ይህኛው ከፈት ይላል» የሚሉት ብዙውን ጊዜ ይህንና ይህን የመሰሉ የመነሻ ቅንብሮችን እየሰሙ ነው የሚል ግምት አለኝ።

ጊታሪስቱ በዚህ ሙሉ በሙሉ አልረካም፤ ያነሣው ቀጣይ ነጥብም ትክክል ነበር። ከየፕሮግራሙ ጋር አብረው የሚመጡት ኢፌክቶች፣ ማለትም ኮምፕረሰሮች፣ ኢኳላይዘሮችና ሪቨርቦች፣ በእርግጥ ይለያያሉ፤ ፕሮግራሙ ቀላል ያደረገው ነገር ብዙ ጊዜ ይሠራል፣ ያከበደው ነገር ደግሞ ይተዋል፤ በዚህ መንገድ ፕሮግራም በሙዚቃው ድምፅ ላይ ተጽዕኖ አለው። ነገር ግን ይህ የአሠራር ጉዳይ እንጂ የድምፅ ጥራት ጉዳይ ስላልሆነ ከሌሎቹ የአሠራር መመዘኛዎች ጋር እንዲታይ ተስማማን።

ቀረጻው የሚጠይቀው

ሁለተኛው ጥያቄ የመዘግየት ወይም የላተንሲ ጉዳይ ነበር። ድምፃዊቷ በጆሮ ማዳመጫዋ የራሷን ድምፅ ዘግይቶ ስትሰማ መዝፈን እንደሚቸግራት ከቀደመ ልምዷ ታውቃለች፤ ስለዚህ «የማያዘገየው ፕሮግራም የትኛው ነው?» ብላ ጠየቀች። መልሱ በከፊል የሒሳብ ጉዳይ ነው። ኮምፒውተር ድምፅን የሚቀበለው በፈር በሚባል መጠን እየከፋፈለ ነው። በ48 ኪሎኸርዝ ሲቀረጽ፣ ማለትም ድምፁ በሰከንድ 48,000 ጊዜ ሲለካ (እያንዳንዱ ልክ ሳምፕል ይባላል)፣ የ64 ሳምፕል በፈር 1.3 ሚሊሰከንድ፣ የ256 ሳምፕል 5.3 ሚሊሰከንድ፣ የ1024 ሳምፕል ደግሞ ከ21 ሚሊሰከንድ በላይ ይወስዳል። ድምፁ ገብቶ እንደገና ስለሚወጣ መዘግየቱ ቢያንስ እጥፍ ይሆናል፤ ማይክሮፎኖቹን ከኮምፒውተሩ ጋር በሚያገናኘው ኦዲዮ ኢንተርፌስ ውስጥ ያለው የመለወጫ ጊዜም ይጨመርበታል። ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሚሊሰከንድ ወደ 34 ሳንቲ ሜትር የሚጓዝ በመሆኑ የ10 ሚሊሰከንድ መዘግየት ከማጉያው ከሦስት ሜትር በላይ ርቆ ከመቆም ጋር ይስተካከላል። ጊታሪስት ይህን ላያስተውለው ይችላል፤ የራሱን ድምፅ በአጥንቱም ጭምር የሚሰማ ዘፋኝ ግን ያስተውላል።

እነዚህን ቁጥሮች የሚወስነው በዋናነት የኢንተርፌሱ ድራይቨር ነው። በዊንዶውስ አሲዮ፣ በማክ ኮር ኦዲዮ፣ በሊኑክስ አልሳ ወይም ጃክ በፕሮግራሙና በመሣሪያው መካከል ቆመው ሥራውን ይሠራሉ፤ ተመሳሳይ በፈር በተመሳሳይ ድራይቨር የሚጠቀሙ ሁለት ፕሮግራሞች የሚያሳዩት መዘግየት ተቀራራቢ ነው። ከዚህም በላይ የተከራዩት ኢንተርፌስ ድምፅን ወደ ኮምፒውተሩ ሳይልክ በቀጥታ ወደ ጆሮ ማዳመጫ የሚመልስ የራሱ ማደባለቂያ ነበረው። ይህ መንገድ ከተመረጠ የድምፃዊቷ ጥያቄ ለፕሮግራም መረጣው ምንም ክብደት አይኖረውም፤ የተመረጠውም እርሱ ነው። ለመዝፈን የሚያስፈልጋት ሪቨርብ (የክፍል ማስተጋባት) ብቻ ከኮምፒውተሩ እንዲመጣላት ተደረገ፤ ሪቨርብ ጥቂት ቢዘገይ አይታወቅምና።

የማከማቻው ስሌትም ተሠርቷል። በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት አንድ ትራክ በሰከንድ 144,000 ባይት ይፈጃል፤ 16 ትራክ በሰዓት ወደ 8.3 ጊጋባይት ይሆናል። ለዛሬ ኮምፒውተር ይህ ከባድ አይደለም። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው በሌላ በኩል ነው። የተለመደው የዌቭ ፋይል ከ4 ጊጋባይት በላይ ስለማይሄድ 16ቱን መስመር በአንድ ፋይል ጠቅልሎ የሚቀርጽ ሰው በግማሽ ሰዓት አካባቢ ገደቡ ላይ ይደርሳል፤ እያንዳንዱ መስመር ለብቻው ሲቀረጽ ግን ገደቡ ከስምንት ሰዓት በላይ ይርቃል። በውድድሩ ውስጥ የነበሩት ፕሮግራሞች ሁሉ እያንዳንዱን መስመር ለየብቻው መቅረጽ ይችላሉ።

እንግዲህ ከቀረጻ አንጻር ሚዛን ላይ የቀረው የሙከራዎች አያያዝ ብቻ ሆነ። ቡድኑ አንድን ዘፈን ደጋግሞ ይጫወታል፤ ከበሮው ከአንዱ ሙከራ፣ መዝጊያው ከሌላው ሊወሰድ ይችላል። 16ቱ ትራኮች እንደ አንድ ሆነው መቆረጥ አለባቸው፤ አንዱ ማይክሮፎን ከሌሎቹ በጥቂት ሚሊሰከንድ ከተናጋ የከበሮው ድምፅ ይበላሻልና። ለቤዝ ተጫዋቹ ይህ ከሁሉም በላይ የሚመዝን መስፈርት ነበር።

የቀረቡት አማራጮች

ሎጂክ ፕሮ አብረውት ከሚመጡት መሣሪያዎችና ኢፌክቶች ብዛት አንጻር ብቻውን ቢመዘን ያሸንፍ ነበር። ድምፃዊቷ ረቂቆቿን ያቀናበረችው ከውስጡ በተገኙ ከበሮዎችና ኪቦርዶች ነው። ነገር ግን በአፕል መሣሪያዎች ላይ ብቻ ይሠራል። ፕሮግራሙን የሠራው ኢማጂክ የተባለው የጀርመን ኩባንያ በአንድ ወቅት የዊንዶውስ እትምም ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 አፕል ኩባንያውን ሲገዛ ያ እትም ቆመ። ስለዚህ ከሦስቱ ኮምፒውተሮች በሁለቱ ላይ ሊከፈት የማይችል ፕሮግራም የጋራ መሥሪያ ሊሆን አይችልም ነበር።

ፕሮ ቱልስ የድምፅ ባለሙያው ምርጫ ነበር፤ ምክንያቱም ጠንካራ ነው። ዲጂዲዛይን እ.ኤ.አ. በ1991 ካወጣው ጀምሮ በትልልቅ ስቱዲዮዎች ውስጥ የጋራ ቋንቋ ሆኖ ቆይቷል፤ አንድ ሥራ ወደ ሌላ ስቱዲዮ የሚሄድ ከሆነ በፕሮ ቱልስ የተሠራ ፋይል የሚቀበል ሰው ማግኘት አይቸግርም። በአንድ ላይ የተቆራኙ ትራኮችን በመቁረጥ በኩልም የተፈተነ ነው። ሆኖም በሊኑክስ አይሠራም። የሚቀበለው የፕላጊን (በፕሮግራሙ ላይ የሚጨመር ኢፌክት ወይም መሣሪያ) ዓይነት ኤ.ኤ.ኤክስ የተባለውን ብቻ ነው። አነስተኛ ክፍያ የሚጠይቀው አርቲስት የተባለው እትም በ32 የድምፅ ትራክ የተገደበ በመሆኑ ለእነዚህ ዘፈኖች አይበቃም፤ ከዚያ በላይ ያለው እትም ደግሞ ለሁለት ሰው እንኳ ሲገዛ የማስተሪንጉን ገንዘብ ይነካ ነበር። ባለሙያው ለሌሎች ደንበኞቹ በዚሁ መሥራቱን እንደሚቀጥል ተናግሮ በዚህ ሥራ ግን ከውድድሩ እንዲወጣ ተስማማ።

የቀሩት አርዶርና ሪፐር ናቸው። ኦዳሲቲም በአንድ አባል ቀርቦ ነበር፤ ፋይል ለመፈተሽና ፈጥኖ ለመቁረጥ ጥሩ መሣሪያ ቢሆንም 40 ትራክ ያለው ሚክስ እንዲሠራበት የታቀደ ባለመሆኑ ብዙ አልተወያየንበትም። ኪውቤዝ የተባለውን ፕሮግራም በቡድኑ ውስጥ የሚያውቀው ስላልነበረ፣ በሊኑክስም ስለማይሠራ በዚያው ታለፈ።

አርዶር ምንጩ ክፍት የሆነ፣ በፖል ዴቪስ የተጀመረ ፕሮግራም ነው። በሊኑክስ፣ በማክና በዊንዶውስ ይሠራል፤ ለብዙ መስመር ቀረጻ የተሠራ በመሆኑ አቀማመጡ ለድምፅ ባለሙያ እንግዳ አይሆንም፤ ፋይል ሲያወጣም የድምፁን አማካይ ጩኸትና ጫፍ በሪፖርት ያሳያል። ቤዝ ተጫዋቹ የሚወደው ይህን ነበር። እኔም ለረጅም ጊዜ ከሚቀመጥ ሥራ አንጻር የፕሮግራሙ ምንጭ በማንኛውም ሰው እጅ መገኘቱ ትልቅ ዋጋ እንዳለው አምናለሁ። ሚዛኑን ያዘነበለው ግን ቀረጻው የሚካሄደው በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ መሆኑ ነው። አርዶር የበቀለው በሊኑክስ ዙሪያ ስለሆነ የዊንዶውስ ተጠቃሚ የሚያገኘው ድጋፍ ያነሰ ነው፤ አምስት ሰዎች መሣሪያቸውን ይዘው በሚጠብቁበት ክፍል ውስጥ ደግሞ ለችግር መፍትሔ እየፈለጉ መቆየት አይቻልም።

ሪፐር የኮኮስ ኩባንያ ሥራ ነው፤ ኩባንያውን የመሠረተው ዊናምፕ የተባለውን የሙዚቃ ማጫወቻ የሠራው ጀስቲን ፍራንክል ሲሆን የመጀመሪያው ሙሉ እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። በሦስቱም ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ይሠራል፤ 60 ቀን ያለ ምንም ገደብ ሊሞከር ይችላል፤ አንድ ጊዜ የተገዛ ፈቃድ እስከ ቀጣዩ ዋና እትም መጨረሻ ያገለግላል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ሰባተኛው እትም ሙከራዎችን በየረድፉ አስቀምጦ ከእያንዳንዱ የተሻለውን ክፍል የመምረጥ ሥራን ከቀድሞው በእጅጉ አቅልሏል። ጉድለቱም የታወቀ ነው። ይህ ነው የሚባል የሙዚቃ መሣሪያ ድምፅ ይዞ አይመጣም፤ ኢፌክቶቹ ጥሩ ይሠራሉ እንጂ ዓይን አይስቡም፤ ምርጫዎቹ ከመብዛታቸው የተነሣ ለጀማሪ ጫካ ይሆኑበታል። የድምፅ ባለሙያው በመጀመሪያ ያማረረው ይህንኑ ነበር፤ የተላመዳቸውን የኪቦርድ አቋራጮች በሪፐር ውስጥ ራሱ መልሶ እንዲያዘጋጅ ከተደረገና ለ16 መስመር የተሰናዳ አንድ መነሻ ፋይል ከተቀመጠለት በኋላ ግን ተቃውሞው ረገበ።

ለእኔ ከሁሉ በላይ የመዘነው ሌላ ነገር ነው። የሪፐር ፕሮጀክት ፋይል ተራ ጽሑፍ ነው። በማንኛውም የጽሑፍ ማረሚያ ቢከፈት የትኛው የድምፅ ፋይል በስንተኛው ሰከንድ ላይ እንደተቀመጠ፣ የት ላይ እንደተቆረጠ፣ መጠኑ ስንት እንደሆነ ይነበባል። ፕሮግራሙ አንድ ቀን ቢጠፋ እንኳ ሥራውን እንደገና መገጣጠም ይቻላል ማለት ነው። ይህ ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ የሚመስለው ሰው ሶናር በተባለው ፕሮግራም ላይ የደረሰውን ማስታወስ ይችላል። ኬክዎክ የተባለው አምራቹ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የነበረ ስም ቢሆንም፣ ባለቤቱ ጊብሰን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 የፕሮግራሙን ልማት ማቆሙን አስታወቀ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2018 ባንድላብ ንብረቱን ገዝቶ ፕሮግራሙን ባያስቀጥል ኖሮ የብዙ ሰው የዓመታት ሥራ ዕድሳት በሌለው ፕሮግራም ውስጥ ተቆልፎ ይቀር ነበር።

በሦስት ኮምፒውተሮች መካከል መቀባበል

ውሳኔው ሪፐር የጋራ መሥሪያ እንዲሆን፣ ድምፃዊቷም ረቂቅ ማቀናበሯን በሎጂክ እንድትቀጥል ሆነ። ይህ እንዲሠራ ግን በሁለቱ መካከል ሥራ እንዴት እንደሚተላለፍ መደንገግ ነበረበት። ኤ.ኤ.ኤፍ የተባለው የመለዋወጫ ፋይል ይታወቃል፤ ነገር ግን የተቆረጡትን ክፍሎች ቦታና መጠን እንጂ ፕላጊኖቹን ከነቅንብራቸው አያሻግርም። ስለዚህ የተመረጠው ቀላሉ መንገድ ነው፤ እያንዳንዱ ትራክ ከዘፈኑ ዜሮ ሰከንድ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ባለ አንድ ርዝመት ዌቭ ሆኖ በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት ይወጣል፣ የዘፈኑ ፍጥነት በፋይሉ ስም ላይ ይጻፋል፣ የመሣሪያ ድምፆች ኢፌክታቸው ያለበትና የሌለበት ሆነው በሁለት መልክ ይላካሉ። ሁሉም ከዜሮ ስለሚጀምር የሚቀበለው ሰው ፋይሎቹን ከመጀመሪያው መስመር ላይ ከመደርደር ሌላ ሥራ የለበትም።

የፕላጊን ጉዳይ የበለጠ አከራካሪ ነበር። የድምፅ ባለሙያው የሚወዳቸው ጥቂት ፕላጊኖች የዊንዶውስና የማክ እትም ብቻ አላቸው፤ ቤዝ ተጫዋቹ ፕሮጀክቱን በሊኑክስ ሲከፍት ቦታቸው ባዶ ሆኖ ይታየዋል። መፍትሔው ሥራውን በጊዜ መክፈል ሆነ። ሙከራዎች ተመርጠው እስኪያልቁ ድረስ በሦስቱም ኮምፒውተሮች ላይ ከሚገኙት የሪፐር ኢፌክቶች ሌላ ምንም እንዳይገባ ተስማሙ፤ ሚክሲንግ ሲጀመር ደግሞ ፋይሉ በባለሙያው እጅ ብቻ ይሆናል። ይህን ደንብ ባለሙያው እንደ እጅ እስራት ቢቆጥረውም ያልተጠበቀ ጥቅም ነበረው፤ ሰዎቹ በምርጫው ወቅት ስለ አጨዋወቱ እንጂ ስለ ኢፌክቱ መነጋገር አልቻሉም።

ማስተሪንግ፦ ሌላ ፕሮግራም ወይስ ሌላ ጆሮ?

ኪቦርድ ተጫዋቹ ማስተሪንጉ በራስ ሰር አገልግሎት እንዲሠራ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ሎጂክም እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ የማስተሪንግ ረዳት ስላለው ለሙከራ የሚከፈል ተጨማሪ ወጪ አልነበረም። ሁለት ዘፈኖች ተሞከሩ። ውጤቱ ከሚክሱ ይልቅ ጎላ ያለና ያንጸባረቀ ስለነበር ሁሉም ወደዱት። የማዳመጫው መጠን እኩል እንዲሆን ተደርጎ ሲደገም ግን ለሁለቱ ዘፈኖች የተሰጠው ፍርድ ተለያየ፤ በአንዱ የማስተሪንግ ረዳቱ ሥራ ተመረጠ፣ በሌላው ደግሞ ያልተነካው ሚክስ። ጆሮ ከፍ ብሎ የተሰማውን የተሻለ አድርጎ ስለሚወስድ መጠን ሳያስተካክሉ ማወዳደር ዋጋ የለውም፤ ይህን አንድ ነገር ከያዙ ከማስተሪንግ ፕላጊን ማስታወቂያዎች አብዛኛው ይረግፋል።

የጩኸት ጥያቄ ለብቻው መታየት ነበረበት፤ ምክንያቱም ጊታሪስቱ አልበሙ «ከሌሎች እንዳያንስ» ይፈልግ ነበር። አማካይ ጩኸትን የመለኪያ ዘዴ በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ቢ.ኤስ.1770 በተባለ ሰነድ እ.ኤ.አ. በ2006 ተደንግጓል፤ መለኪያውም ኤል.ዩ.ኤፍ.ኤስ ይባላል። ስፖቲፋይ በመደበኛ አሠራሩ ዘፈኖችን ወደ −14 ኤል.ዩ.ኤፍ.ኤስ አስተካክሎ ያጫውታል። ስለዚህ ከዚያ ጎልቶ በ−9 የተሠራ ዘፈን እዚያ ሲደርስ በ5 ዲሲቤል ይቀነሳል፤ ለዚያ ጩኸት ሲባል የተጨፈለቁት የከበሮ ምቶች ግን ተመልሰው አይነሡም። አልበም ሙሉውን ሲደመጥ ደግሞ ማስተካከያው ለሁሉም ዘፈኖች አንድ ስለሚሆን ለስላሳው ዘፈን ለስላሳ እንደሆነ ይቀራል። ይህን ካየ በኋላ ጊታሪስቱ የተወሰነ ቁጥር መጠየቁን ትቶ የከበሮው ምት እንዳይሞት ብቻ አሳሰበ፤ በእኔ አስተያየት ለማስተሪንግ ባለሙያ ሊሰጥ ከሚችል መመሪያ ሁሉ ይህ የተሻለው ነው።

በመጨረሻ ሥራው ከቡድኑ ውጭ ላለ፣ የራሱ የተስተካከለ ማዳመጫ ክፍል ላለው ባለሙያ ተሰጠ። የራስ ሰሩ መሣሪያ መጥፎ በመሆኑ አልነበረም። እያንዳንዱን ዘፈን ለብቻው ስለሚያየው አራተኛው ዘፈን ከሦስተኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ አያውቅም፤ ከዚህም በላይ «ይህ ችግር እዚህ አይስተካከልም፣ ወደ ሚክስ ይመለስ» የሚል መልስ አይሰጥም። ባለሙያው ከዘጠኙ ዘፈኖች ሁለቱን መልሷል፤ በአንዱ የቤዙ ቀጥታ መስመርና ማይክሮፎኑ በታችኛው ድምፅ ላይ ይጠፋፉ ነበር፣ በሌላው የድምፃዊቷ የ«ሰ» ድምፅ ከጸናጽሉ ጋር ተደምሮ ጆሮ ይወጋ ነበር። የመጀመሪያው ሁለቱን የቤዝ ትራኮች በሞገድ በማገጣጠም፣ ሁለተኛው የድምፃዊቷን ትራክ ብቻ በመንካት ተስተካከለ፤ የተደባለቀ ስቴሪዮ ፋይል ላይ ሁለቱም በንጽሕና አይሠሩም ነበር።

ባለሙያው የሚሠራበት ፕሮግራም የትኛው እንደሆነ ለቡድኑ ለውጥ አላመጣም። የጠየቃቸው በ32 ቢት ተንሳፋፊ ነጥብ የወጣ፣ በማስተር መስመሩ ላይ ሊሚተር (የድምፅ ጫፍ ገዳቢ) የሌለበት ስቴሪዮ ዌቭ ነው። ቡድኑ በበኩሉ የጠየቀው ለኢንተርኔት ማሰራጫ 24 ቢት ፋይል፣ ለሲዲ ደግሞ 44.1 ኪሎኸርዝና 16 ቢት የሆነ፣ ዲዘር (ቢት ሲቀነስ የሚፈጠረውን መዛባት የሚሸፍን እጅግ ዝቅተኛ የዘፈቀደ ድምፅ) የተጨመረበትና ለሲዲ ፋብሪካ በሚላከው በዲ.ዲ.ፒ ቅርጽ የተሰናዳ ቅጂ ነበር፤ እውነተኛው የድምፅ ጫፍም ከ−1 ዲሲቤል እንዳያልፍ ተስማምተዋል። ለዲ.ዲ.ፒና በዘፈኖች መካከል ላለው ክፍተት እንደ ዌቭላብ ያሉ ለዚሁ የተሠሩ ፕሮግራሞች ያመቻሉ፤ ሪፐርም ዲ.ዲ.ፒ ማውጣት ይችላል። ስለዚህ አንድ ቡድን ማስተሪንጉን ራሱ ለመሥራት ቢወስን እንኳ የሚያጥረው ፕሮግራም አይሆንም፤ የሚያጥረው በሚክሱ ያልደከመ ጆሮና የታችኛውን ድምፅ በትክክል የሚያሰማ ክፍል ነው።

ሥራው ካለቀ በኋላ የተቀመጠው

ለእያንዳንዱ ዘፈን አንድ ፎልደር ተዘጋጅቷል። በውስጡ የሪፐር ፕሮጀክት ፋይሉ፣ ያልተቆራረጡት የመጀመሪያ ቀረጻዎች፣ ከዜሮ ሰከንድ የሚጀምሩ የተጠናቀቁ ትራኮች ኢፌክት ያለባቸውና የሌለባቸው፣ የመጨረሻው ሚክስና የማስተሩ ቅጂዎች ይገኛሉ። ከእነርሱ ጋር የትኛው ፕላጊን በየትኛው እትሙ እንደተሠራበት የሚገልጽ አጭር የጽሑፍ ፋይል አለ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ዘፈን እንደገና ሚክስ ይደረግ ቢባል በቅድሚያ የሚጠፉት ፕላጊኖቹ ናቸውና። ሙሉው ክምችት በሁለት ዲስኮች ላይ ተገልብጦ በሁለት የተለያዩ ሰዎች ዘንድ ተቀምጧል።

ያልተቋጨ አንድ ጉዳይ አለ። ድምፃዊቷ ቀጣዩን ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሎጂክ ለመሥራት ትፈልጋለች፤ በዚያ ሥራ ላይ የሚሳተፉት እርሷና ኪቦርድ ተጫዋቹ ብቻ ስለሆኑ፣ ሁለቱም ማክ ስላላቸውና አብዛኛው ድምፅ ከፕሮግራሙ መሣሪያዎች ስለሚመጣ የምቃወምበት ምክንያት አላገኘሁም። የተጠየቀችው የፎልደሩን ደንብ እንድትጠብቅና እያንዳንዱን የመሣሪያ ትራክ ወደ ዌቭ ለውጣ እንድታስቀምጥ ብቻ ነው፤ ለመጀመሪያው ዘፈን ይህንኑ አድርጋለች።